ለሥራ ፖላንድ ለምትሄዱ የጎጃም ልጆች

ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ለጥቂት ወራት ሥራ ፖላንድ የሚገባ ሰው ከተሞቹን የሚያየው ቅዳሜና እሑድ ነው። ርቀቱ አያስቸግርም፤ ከዋርሶ ክራኮው በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ሰዓትና ጣቢያ ነው።

ትኬቱ ላይ 18፡05 ካለ በእኛ የምሽቱ 12፡05 ነው። ከ7 እስከ 18 ያለውን ስድስት ቀንሱለት፤ ከ19 ጀምሮ ግን 18 ቀንሱ። በታኅሣሥ ዋርሶ ላይ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለችና በማለዳ ውጡ።

ጣቢያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ«ፔሮን» እና «ቶር» ነው። ፔሮን የሚቆምበት መድረክ ነው፤ ቶር ሐዲዱ። አንዱ ፔሮን ግራና ቀኙ ሐዲድ ስላለው ቁጥራቸው አይገጥምም። ቶር 4 የሚለውን አይቶ ፔሮን 4 የወጣ ሰው ባቡሩ ከማዶ ሲነሳ ቆሞ ያያል። ትራም ላይ ደግሞ የወረቀት ትኬት መግዛቱ ብቻ አይበቃም፤ እንደገባችሁ ማሽኑ ላይ አስመቱት። ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪው ይቀጣል።

አብዛኛውን እሑድ ትልልቅ ሱቆች በሕግ ዝግ ናቸው፤ አስቤዛችሁን ቅዳሜ ጨርሱ።

ጿሚ ከሆናችሁ «ባር ምለችኒ» የሚባሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች ይጠቅማሉ፤ ግን ፒየሮጊ (በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ) ስታዙ ተጠንቀቁ። «ሩስኪየ» የሚባለው ድንችና አይብ ነው። ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ ያለበትን ምረጡ። እሱም ቢሆን ላዩ ላይ በስብ የተጠበሰ ሽንኩርትና የአሳማ ስብ ፍርፋሪ ይፈስበታል፤ «ቤዝ ስክቫሬክ» በሉ፣ ያለ ፍርፋሪው ማለት ነው። ሊጡም አንዳንዱ ጋ እንቁላል አለበት፤ ጠይቁ።

ክራኮውን ከዋርሶ አስቀድሙ። የክራኮው አሮጌ ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርፏል፤ የዋርሶው ግን እ.ኤ.አ. በ1944 ከተነሳው አመፅ በኋላ በጀርመኖች ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። ሲሠሩትም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤሎቶ የሳላቸውን ሥዕሎች እያዩ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የመዘገበው ይህንኑ መልሶ ግንባታ ነው። ክራኮውን ያየ ሰው ዋርሶ ሲደርስ የእያንዳንዱ ግድግዳ ድካም ይገባዋል።

ክራኮው አደባባይ ላይ ሰዓቱ ሞልቶ ሲደወል የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ረጅሙን ግንብ ቀና ብላችሁ እዩ። መስኮት ይከፈታል፤ መለከት ነፊው ያንኑ ዜማ በአራቱም አቅጣጫ ተራ በተራ ይነፋል፤ አራቱንም ጊዜ ዜማው ሳያልቅ መሃል ላይ ቁርጥ ይላል። ታታሮች ሲመጡ ሕዝቡን ሲያነቃ ጉሮሮውን በቀስት የተመታው ነፊ መታሰቢያ ነው ይላሉ።