አንድ ጉንጭ ውሃ

ዛሬ ድብርት ብሎኛል። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለውም። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ከያዘ እስከ ማታ አይለቅም። ሒርማታ ገበያ ልወጣ ነበር፣ ተውኩት። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጥብስ በቆሎ ስቀረጥፍ አንዷን ጉርሻ ስውጣት ልብ አልኳት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

እስኪ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ዋጡ። ሽቅብ ብድግ ይልና ይመለሳል። እቴቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሰው ሲበላ ዓይኔ አንገቱ ላይ ነው።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ ስላ ካሳየችን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም። አየርም ምግብም በአንድ ጉሮሮ ነው የሚያልፉት። ከታች ይለያያሉ፤ የአየር ቧንቧ ከፊት፣ የምግብ ቧንቧ ከኋላ። ምላስ ጉርሻውን ወደ ኋላ እስኪገፋው ድረስ ነገሩ በእጃችን ነው፣ ካልፈለግን እንተፋዋለን። ከዚያ ካለፈ ግን ሥራውን የአንጎል ግንድ ይረከባል። ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ተነስቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል። ከምላስ ሥር ከየትኛውም አጥንት ጋር ሳትገጣጠም በጡንቻና በጅማት ብቻ የተንጠለጠለች ትንሽ አጥንት አለች። እሷ ወደ ላይና ወደ ፊት ስትሳብ ማንቁርትን ይዛው ትነሳለች። የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ የማንቁርት ክዳን ከላይ ይደፋል። ትንፋሽ ይቆማል። ከኋላ ያሉት ሦስት ጡንቻዎች ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ እየጠበቡ ጉርሻውን ይገፉታል። ሁልጊዜ ጥብቅ ብሎ የሚውለው የምግብ ቧንቧ አፍ ላላ ይላል። ከዚያ ወዲያ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቧንቧ ራሱ እየገፋ ሆድ ያደርሰዋል። የጉሮሮው ሥራ በሙሉ 1 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። እኔን የሚገርመኝ ትንፋሹ ነው። ሰው በዋጠ ቁጥር ትንፋሹን ያቆማል፣ ግን አይታወቀውም።

ስትሮክ ይህን ቅንጅት ሲያዛባው ከሁሉም የሚያስቸግረው ውሃ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ "ኧረ ውሃ ቢጤ አቅምሷቸው፣ አፋቸው ደርቋል" ይላል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ውሃ ፈጣን ነው። ጡንቻዎቹ የአየሩን መንገድ ሳይዘጉ ቀድሞ ይደርሳል። ወፈር ያለ ነገር ቀስ ስለሚል ጊዜ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ለእቴቴ አጥሚቱን እናወፍረዋለን። ቀና ብለው ይቀመጣሉ፣ በትንሽ ማንኪያ እሰጣቸዋለሁ። "እቴቴ፣ አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ" እላለሁ፣ ሐኪሟ እንዳሳየችን። ሲውጡ "እስኪ አ ይበሉ" እላቸዋለሁ። ድምፃቸው ጥርት ካለ በደህና ያለፈ ይመስለኛል። እርጥብ ከሆነ፣ ከተንቆረቆረ፣ የቀረ ነገር አለና ማንኪያውን አስቀምጣለሁ። ትን ቢላቸው እንኳ ደግ ነው፤ ሳል የገባውን መልሶ ያወጣል። የምፈራው ሳይስሉ በዝምታ ወደ ሳንባ የሚገባውን ነው። የሳንባ ምች የሚያመጣው እሱ ነው።

እቴቴ ግን ውሃ አይደለም የሚጠይቁት፣ ቡና ነው። አቦል ቶና በረካ ሳይሉ ውለው የማያውቁ ሴት ናቸው። ቡና ደግሞ በቀጭንነቱ ከውሃ አይለይም። አወፍረን ብንሰጣቸው ፊታቸውን አዞሩ። "ይሄ ቡና ነው ልጄ?" አሉኝ። ወንድሜ በማንኪያ ጫፍ እናቅምሳቸው ይላል፣ ከእንግዲህ ምን ቀራቸው ባይ ነው። እህቴ ይህን መስማት አትፈልግም። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ትናንት ሲኒውን አፍንጫቸው ሥር ይዤ አስሸተትኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማንቁርታቸው ብድግ አለ፣ ምራቃቸውን ዋጡ። ትን አላላቸውም። ድምፃቸውን ሰማሁት፣ ጥርት ያለ ነበር። ምራቅም እኮ ቀጭን ነው። እሱን በደህና ከዋጡ አንዲት ጠብታ ቡና ምን ታደርጋቸዋለች? ሰኞ ሐኪሟን እጠይቃታለሁ። እስከዚያ ግን ዛሬ ማታ "ልጄ፣ ቡናው አልደረሰም?" ሲሉኝ ምን ልበላቸው?