ካርጎ ወይስ መንገደኛ? እኔ የመረጥሁበት መንገድ

ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ የካርጎ አብራሪ መሆኔ በተነሣ ቁጥር «ታዲያ ለመንገደኛው መቼ ትደርሳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጎረቤቶቻችን በደግነት ነው የሚጠይቁኝ፤ ጀማሪ አብራሪ ዕቃ ይጭናል፣ የበሰለው ደግሞ ሰው ይጭናል ብለው ያስባሉ። እኔ የሄድሁት ግን በተቃራኒው ነው። ረዳት አብራሪ ሆኜ ኪው 400 በሚባለው አነስተኛ አውሮፕላን አገር ውስጥ ሰው ሳመላልስ ቆየሁ። ወደ ትልቅ አውሮፕላን የመዛወሪያ ጊዜዬ ሲደርስ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ፦ የመንገደኛ ቦይንግ 737 ወይም የጭነት ቦይንግ 777። ጭነቱን መረጥሁ፤ በደንብ አስቤበት ነው የመረጥሁት። አሁን ፖሊ ካምፓስ የሚማረው የአክስቴ ልጅ «ወንድም ጋሼ፣ እኔስ የቱን ላስብ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ያሰብሁበትን መንገድ እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስለ አሜሪካ የተጻፈውን ወደ ጎን መተው ነው። እዚያ ካርጎ ማለት በአብዛኛው የጥቅል መልእክት ነው። ፌዴክስ ሜምፊስ ላይ፣ ዩፒኤስ ሉዊቪል ላይ ማታ ማታ አውሮፕላኖቻቸውን ይሰበስባሉ፤ ዕቃው ሌሊት ተለይቶ ከንጋት በፊት ይበተናል። ስለዚህ «ካርጎ ሌሊት፣ መንገደኛ ቀን» ይባላል። የእኛ አገር ግን እንዲህ አይደለም። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መንገደኛ የሚነሣው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ የሚመለሰውም ንጋት ላይ ይደርሳል። ረጅም መስመር የሚበር የመንገደኛ አብራሪ እንደ ካርጎ አብራሪው ሁሉ ሌሊቱን ኮክፒት ውስጥ ያሳልፋል። በእኛ ዘንድ የቀን ሰው የሚባለው ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን የሚያመላልሰው ነው። በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም እራቱን ቤቱ ይበላል። ስለዚህ ምርጫው «ሰው ወይስ ዕቃ» ከሚለው ይልቅ «አጭር መስመር ወይስ ረጅም» ወደሚለው እንደሚያደላ ገባኝ።

ከዚያ በሁለቱም ወገን ያሉ ጓደኞቼን ሮስተራቸውን፣ ማለትም የወር የበረራ መርሐ ግብራቸውን፣ ለመንኋቸው። የወሩ መጀመሪያ ላይ የወጣውን ሳይሆን በእርግጥ የተበረረውን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ብዙ ይናገራል። በእያንዳንዱ ላይ ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን በቀይ አሰመርሁ። የሰው ንቃት በጣም የሚወርደው በእነዚያ አራት ሰዓታት ነው። የአጭር መስመሩ ሮስተር ቀዩ ቀጭን ቢሆንም ይደጋገማል፤ ማለዳ ለሚነሣ በረራ ሌሊት 9 ሰዓት መንቃት፣ በነጋታውም እንዲሁ። የካርጎው ቀይ ድፍን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ትበራለህ፣ ከዚያ ሆቴል ገብተህ ረጅም ዕረፍት አለህ። እኔ መጋረጃ ዘግቼ በቀን መተኛት የምችል ሰው ነኝ፤ በየማለዳው መቆራረጥ ግን ይጎዳኛል። የምርጫዬን ግማሽ የወሰነው ይህ ነው። በቀን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ካርጎ ቢገባ ሰውነቱ አይችለውም ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ቀጥሎ አንድ ማታ ካርጎ ተርሚናል ገብቼ ጭነት ሲጫን እንዳይ አስፈቀድሁ። ጽጌረዳው ከቀዝቃዛው መጋዘን በካርቶን ተደርድሮ ይወጣል፤ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልቆየ አውሮፓ ሲደርስ ዋጋ የለውም። ዕቃው የተደረደረበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ፓሌቱ፣ እየተገፋ ይገባና ወለሉ ላይ ባለው ቁልፍ ይታሰራል። የጭነት 777 ከ100 ቶን በላይ መሸከም ይችላል፣ ቦሌ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከጭነቱና ከነዳጁ የቱን እንደምትተው በየበረራው ታሰላለህ። የመንገደኛ አብራሪም ያሰላል። ነገር ግን ሰው ወንበሩ ላይ ቀበቶ አስሮ ይቀመጣል፤ ዕቃ የሚቀመጠው ሰው ባሰረው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 አፍጋኒስታን ባግራም ላይ አንድ የጭነት 747 ተነሥቶ ሲወጣ፣ የጫናቸው የጦር ተሽከርካሪዎች ማሰሪያ ተበጥሶ ወደ ኋላ ተንሸራተው መቆጣጠሪያውን ሰበሩት፤ ሰባቱም ሠራተኞች ሞቱ። ያን ማታ ጭነት ሲታሰር ካየሁ ወዲህ ሎድ ሺት የሚባለውን የጭነትና የክብደት ሰነድ እንደ ወግ አልፈርምም።

እናቴን የያዛት ሐሳብ ሌላ ነበር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት፤ አብራሪዎቹ ወደ ጣቢያው ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉና ሜዳ ላይ በሆዱ ዐረፈ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ሐይቅ ዳር ላለ ከተማ ወፍ ሁልጊዜም ስጋት ነው፤ እኛም በኪው 400 ለባሕር ዳር ስናቆለቁል ስለ ወፍ ሳንነጋገር አናልፍም ነበር። ያን ጊዜ የነበረ የከተማው ሰው ዛሬም ያስታውሰዋል። እናቴ ካርጎ መረጥሁ ስላት ያዘነች መስሎኝ ነበር። «እሰይ! የሰው ነፍስ ከጫንቃህ ወረደ ማለት ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ይህን ለአክስቴ ልጅ እንደ ምክንያት አልሰጠውም፤ እውነት አይደለምና። የካርጎ አውሮፕላን የራሱ አደጋ አለው። በመንገደኛ አውሮፕላን ጭስ ቢሸት መቶ አፍንጫ አለ፣ አስተናጋጆች አሉ። ካርጎ ላይ ከኋላህ ማንም የለም። በትልልቆቹ የጭነት አውሮፕላኖች ዋናው ክፍል እሳት ቢነሣ የሚደረገው አየሩን መዝጋትና የክፍሉን ግፊት ማስወጣት ነው፤ እሳቱን በኦክስጅን እጥረት ለማፈን ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ቶሎ ማረፍ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣ የጭነት 747 የሊቲየም ባትሪዎች በጫነበት ክፍል እሳት ተነሥቶ፣ ጭሱ ኮክፒቱን ሞልቶት ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ስለዚህ የአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር ሲሰጠኝ እንደ አየር ጠባይ ዘገባ አንድ በአንድ ነው የማነበው፤ የት ፓሌት ላይ ምን እንዳለ ሳላውቅ አልነሣም።

የሚናፍቀኝ ነገር አለ። ማለዳ ለባሕር ዳር ስናቆለቁል ጣና እንደተኛ ሲታይ፣ ካፒቴኑ ማይኩን ለእኔ ሲሰጠኝና ለመንገደኞቹ በዚያ በኩል ዘጌ ይታያል ስል የሚሰማኝ ደስታ በካርጎ የለም። ሌላው በረራን በእጅ መለማመድ ነው። አጭር መስመር ላይ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ትነሣለህ፣ ታርፋለህ፤ እጅ ይፈታል። ረጅም መስመር ላይ ሰዓቱ ይከማቻል እንጂ ማረፉ ጥቂት ነው፣ እርሱንም ከሌሎች አብራሪዎች ጋር ትካፈላለህ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ ያልሞላ አብራሪ ወደ ሲሙሌተር፣ በረራን መስሎ ወደሚያለማምደው መሣሪያ፣ የሚላከው ለዚህ ነው። ገና የጀመረ ልጅ በቀጥታ ወደ ረጅም መስመር እንዲገባ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔን ያቆመኝ ያ የኪው 400 ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ያረፍሁባቸው ቀናት ዛሬም ይረዱኛል።

የበዓሉ ነገርም አለ። ፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚሉት የካቲት 7 ላይ ስለሚውል፣ አበባው ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ይጎርፋል። ከዚያም የእናቶች ቀናቸው ብዙ አገር ግንቦት መግቢያ ላይ ስለሚሆን ከእኛ ፋሲካ ብዙም አይርቅም። ይህን ለባለቤቴ አስቀድሜ የቀን መቁጠሪያ ዘርግቼ አሳይቻታለሁ። ሳትስማማበት ብገባ ኖሮ ሥራው ጥሩ ቢሆንም ትዳሩ አይሆንም ነበር።

ከድርጅት ጋር ስትነጋገር ግን ከደመወዙ በፊት የዕረፍት ሕጉን ጠይቅ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ ያዋለችው አዲሱ የአብራሪዎች የዕረፍት ሕግ የመንገደኛ በረራን ሲያስገድድ ካርጎን ትቶታል። አንተ የምትገባበት ቦታ ለሁለቱም አንድ ሕግ አለው ወይ? ይህን በጽሑፍ ሳታይ አትፈርም። ሁለተኛው ጥያቄ ታይፕ ሬቲንጉ፣ ማለትም አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚሰጠው ፈቃድ፣ ነው። የጭነቱ 777 እና የመንገደኛው 777 አንድ ታይፕ ስለሆኑ መመለሻው አልተዘጋብኝም፤ አሮጌ የጭነት አውሮፕላን ላይ ብቻ የሚያስቀርህ ምርጫ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ አስብ። በኮሮና ጊዜ በ2012 ዓ.ም. የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቆመው፣ ከፊሎቹም ወንበራቸው ተነቅሎ የሕክምና ዕቃ ሲጭኑ፣ ካርጎ ላይ የነበርን ሥራችን አልተቋረጠም። የዓለም ንግድ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀድሞ የሚሰማው ካርጎ ነው።

ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ወደ አገር ውስጥ መንገደኛ በረራ ለመመለስ አመለክታለሁ። ካፒቴንነቱም በዚያ በኩል ቶሎ ሊደርሰኝ ይችላል፣ ማታ ማታም ቤቴ እሆናለሁ። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፤ ለእናቴ ገና አልነገርኋትም።