ምንሽር ወይስ ውጅግራ?

ትናንት ደጀን አጎቴ ቤት ማኅበር ነበር። ጠላው ሁለተኛ ዙር ሲደርስ ጨዋታው ወደ አደን ዞረ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ፣ "ከጠመንጃ ሁሉ ምረጡ ብትባሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ?" አልኳቸው።

አንደኛው አያ ሳያስቡ "ምንሽር!" አሉ። የጣሊያኑን ማለታቸው ነው፤ ስድስት ጎራሹን።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሳቁባቸው። "ስድስት ለምንህ ነው? አምስቱን ልትስት ነው?" የእሳቸው ምኞት የአባታቸው ውጅግራ ነው። ይሄ የፈረንሳይ ሥሪት ነው፣ የ1874 ሞዴል። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ። ባሩዱ ጥቁር ስለነበር ጭሱ ተኳሹን ይሸፍነዋል። "የመታኸውን የምታውቀው ጭሱ ሲገለጥ ነው" አሉ፣ እጃቸውን ዓይናቸው ፊት እያወናጨፉ። "ከርከሮው ካልወደቀ ደግሞ ከጭሱ ውስጥ ይመጣልሃል።" ይህን ሲሉ ፉከራ ሊጀምሩ ምንም አልቀራቸው። ሰደፉን ቅቤ እየቀቡ እንደሚያሳድሩት፣ ልጅ ሆነው ለመሸከም እንደሚጣሉ ሁሉ አወሩን። ጠመንጃው ከተሸጠ ግን ቆይቷል። ለምን እንደተሸጠ አልጠየቅኩም፤ ፊታቸው አላስጠየቀኝም።

ሦስተኛው ዝም ብለው ቆሎ ሲቆረጥሙ ቆዩና፣ "እኔስ መነጽር ያለው ነው የምፈልገው" አሉ። "ምነው አያ?" ስላቸው፣ "ዓይኔ ደክሟል። ሚዳቋና የጎረቤቴን ፍየል መለየት አቅቶኛል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እየገባች፣ "መጀመሪያ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ የሚያደርስ ጉልበት ተመኙ!" አለቻቸው።