የጠፋው የኃይሉ ዱቤ

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ተማሪ ደግሞ መመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትመው ኪሱ ባዶ በሆነ ሰሞን ነው። ስለዚህ ዱቤ እሰጣለሁ። የምመዘግበው ስልኬ ላይ ባለ የማስታወሻ አፕ ነው። አፑ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የሚሠሩት ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው፣ ያለ ክፍያ ነው የሚለፉት።

አንድ ቀን ኃይሉ የሚባል ልጅ ሊከፍል መጣ። «ሀይሉ» ብዬ ፈለግኩ። የለም።

«ምንም የለብህም» አልኩት።

«ኧረ አለብኝ ጋሼ! 120 ገጽ አትመውልኛል እኮ።»

አንድ በአንድ ስፈልግ ተገኘ። ስመዘግበው በ«ኃ» ነበር። እንደዚህ ጨዋ ያልሆኑት ስንቶቹ ሳይከፍሉ እንደሄዱ ሳስብ ሆዴ ተላወሰ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ለእኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓም እንደዚያው። ሰና ሠ፣ ጸና ፀም አሉ። መጀመሪያ የዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ማስተካከያ የሚባለው አሠራር ይፈታዋል ብዬ ነበር። አይፈታውም። እሱ ፊደሎቹን የሚያያቸው ለየብቻቸው ነው፣ ትክክልም ነው።

ፕሮግራሚንግ ኮሌጅ ተምሬ ትቼዋለሁ። ቢሆንም ልሞክር አልኩ። ኮዱን ማውረዱ ራሱ ፈተና ነበር። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል። ኮዱን የማወርድበት ጊት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ክሎን (ሙሉ ኮዱን መቅዳት) ሲቋረጥበት ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ዳታዬን ከበላ በኋላ «ዴፕዝ 1» የሚል አማራጭ እንዳለ አወቅኩ። የዓመታቱን የለውጥ ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ያወርዳል። ይህንን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር የስንት ቀን ምሳዬን ባተረፍኩ።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ፍለጋውን አስተካከልኩ፣ እግረ መንገዴን ሜኑውን ወደ አማርኛ መለስኩ፣ የኮዱ አደራደር ስላላማረኝ እሱንም ነካካሁ። ሁሉንም በአንድ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ለውጤን ተቀበሉኝ» በሚል ጥያቄ፣ ለአፑ ሠሪዎች ላክሁት። ከ40 በላይ ፋይል! ሦስት ሳምንት ዝም አሉኝ። ንቀውኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። በኋላ አንዱ በትሕትና መለሰልኝ። ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ማታ ከሥራ መልስ ነው የሚያዩት። ይህን ሁሉ ለማንበብ አቅም የለንም፣ መጀመሪያ ችግሩን ብቻ ጻፍልን አለኝ። አፈርኩ። እኔም እኮ ሱቅ ዘግቼ ስገባ 40 ፋይል ቢያቀርቡልኝ አላይም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ የስክሪን ፎቶ አያያዝኩ። «ዓፄ ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስምም ምሳሌ አደረግኩ። ድምፁ ሳይለወጥ በስንት ዓይነት ይጻፋል? ዓ በ4፣ ፄ በ2፣ ኃ በ6፣ ሥ በ2፣ ሴ በ2። ስናባዛው 192። ከዚያ በኋላ ማንም ለማስረዳት አላስቸገረኝም።

ኮዱ 30 መስመር አይሞላም። ጊዜ የፈጀብኝ የአፑ ሠሪዎች ጥያቄ ነው። «ይህ በፊደሉ ለሚጻፉ ቋንቋዎች ሁሉ ይሠራል?» አሉኝ። አዎ ልል ነበር። ደግነቱ ከሱቄ አጠገብ ቡና የምታፈላው እናት የመቀሌ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ በትግርኛ አ እና ዓ አንድ ናቸው?»

«ምን ማለትህ ነው?» ብላ «ዓይኒ» አለች፣ ዓ-ን ከጉሮሮዋ አውጥታ። እኔ ስሞክረው ደንበኞቿ ሁሉ ሳቁብኝ። ሀ እና ሐም እንደዚያው የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ማስተካከያው የሚሠራው ቋንቋው አማርኛ ሲሆን ብቻ እንዲሆን አደረግን።

አንድ ግእዝ የሚያውቅ ወዳጄም ተቆጣኝ። «ሰረቀ ሌባ ነው፣ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፤ እንዴት ታቀላቅለዋለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የተጻፈውን አንነካም፤ የምናመሳስለው ከጀርባ ለፍለጋ የሚያገለግለውን ቅጂ ብቻ ነው። ይህንን እሱን ለማሳመን ከኮዱ በላይ ለፋሁ፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም።

ለእያንዳንዱ ፊደል ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) ጻፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ ተቀበሉት። የአማርኛ ሜኑውንም ለብቻው ላክሁ፣ በሳምንቱ ገባ። የኮዱን አደራደር ግን አልፈለጉትም፣ ተውኩት።

አዲሱን እትም እንደጫንኩ «ሀይሉ» ብዬ ፈለግኩ። አራት ኃይሉዎች ወጡ። አንደኛው 90 ብር አለበት። ከተመረቀ ቆይቷል፣ ስልኩም አይሠራም።