ኪዳነ ምሕረት የተሰወረውን ገለጠችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለመመስከር ተስያለሁና ዝም ማለት አልችልም። 31 ዓመቴ ነበር። ሴት ልጄን እያጠባሁ ግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር ዳሰስኩ። የሄድኩበት ክሊኒክ «ወተት ቋጥሮ ነው፣ በሙቅ ፎጣ ያዢው» ብሎ መለሰኝ። ፎጣ ሳሞቅ አራት ወር አለፈ፤ ሽምብራዋ ሎሚ አከለች።

እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዛኝ ወጣች። እየተንቀጠቀጥኩ ውኃው ሥር ስቆም «እመቤቴ፣ የተሰወረውን ግለጪልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ከዚያ ማሞግራፊ፣ የጡት ራጅ ማለት ነው፣ ተነሣሁ። ፊልሙ ነጭ በነጭ። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ዕጢውም ነጭ ነው። ጋቢ ላይ የወደቀ ጥጥ ፈልጉ እንደማለት። አልትራሳውንድ ላይ ግን ታየች፦ ጥቁር፣ ክብ፣ ጠርዟ ልሙጥ። ባለሙያዋ መሣሪያውን ደጋግማ አመላለሰችው። «መልኳ የደህና ዕጢ ነው፤ ግን ቶሎ አድጋለች። ናሙና ሳልወስድ አልሸኝሽም» አለችኝ። የእኔ ዓይነቱ ካንሰር አንዳንዴ እንዲህ ደህና መስሎ እንደሚያታልል በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ቃል አፏ ላይ ያኖረችውን እኔ አውቃታለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ «ካንሰር ነው፤ ሦስቱም ኔጌቲቭ ናቸው» አለ። እኔ «ተመስገን!» አልኩ። ምን ላድርግ፣ በእኛ አገር ኔጌቲቭ የምሥራች ነው። እሱ ግን አቀርቅሮ አስረዳኝ፦ ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮንና ኸር 2 የሚባሉት ተቀባዮች፣ ማለትም ሕዋሱ የ«እደግ» ምልክት የሚቀበልባቸው፣ ካንሰሩ ላይ ስለሌሉ የሆርሞን ክኒኑ አይሠራልኝም፤ መጀመሪያ በኬሞ፣ ካንሰር በሚገድለው መድኃኒት፣ እናሳንሰው፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና።

ኬሞውን ትቼ ጠበል ብቻ ልያዝ ስል የንስሐ አባቴ ተቆጡኝ። «ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው? ሁለቱንም ያዢ!» ከኬሞው ቀዩ መድኃኒት ሲገባ ሽንቴ ሳይቀር ቀላ፤ ጸጉሬ ትራሴ ላይ ቀረ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ልጄን ጡት ማስጣሉ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የፓቶሎጂው፣ የወጣውን ሥጋ የመረመረው ክፍል፣ ወረቀት «የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም» ይላል። ሐኪሙ ኬሞው ሠርቷል አለ። እውነቱን ነው። እናቴ ግን ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ እልልታዋን ስታቀልጠው ጥበቃው ሊያስቆማት ሮጦ መጣና፣ ነገሩን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ አማተበ።

ክትትሌ አላለቀም። የካቲት 16 ግን የተሳልኩትን ጥላ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ልጄ ዘርፉን ጨብጣ አልለቅም ስላለች ካህኑ ጥላውን ከእሷ ጋር አቅፈው ተቀበሉኝ።