ግጥሙ ቤት ሲመታ እኛ አንምታ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ገጣሚያችን ከመድረክ ወርዳ «ዛሬ ድምፄን ሰማሁት፤ ከመጨረሻዋ በቀር» አለችኝ። የንግግሯን የመጀመሪያ ግማሽ ለዓመት ተኩል ስጠብቃት ኖሬያለሁ። ወደ ሁለተኛዋ እመጣለሁ።

እሷ ግጥም ስታነብ ከኋላዋ ጃዝ የምንጫወት አራት ነን። ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ድራም፣ እኔ ደግሞ ቤዝ ጊታር። ሁላችንም ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለን። እኔን የለከፈኝ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲኖር ከኋላ ቆሜ የሰማሁት ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ልዝለላቸው። ጮክ ብለን ተጫወትን፣ ማይኩ ጮኸ፣ ሰዉ ወሬውን ቀጠለ።

መከራ ያሳየን ችክችካ፣ ያ የምናውቀው የጭፈራ ምት ነው።

ችክችካ እንወዳለን። እጃችን ሳናስበው ወደዚያው ይሄዳል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ በየዙሩ ስድስት ይቆጠራል። የእሷ ግጥም ደግሞ አብዛኛው የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ሌላ ስድስት። «ከደጅሽ ቆምኩና፣ ዝናብ አባረረኝ» እንደማለት። (መስመሯ የእኔ ናት፣ ገጣሚዋን እንዳትወቅሱ።) ስድስት በስድስት ሲገጥም «በቃ፣ ተገኘ!» አልኩ። ልምምድ ላይ እንዴት ደስ ይል ነበር!

መድረክ ላይ ግን ሦስተኛው መስመር ሳይደርስ ማንበቡ ቀርቶ ዜማ ሆነ። ሳይታወቃት ነው። ምቱ ጎተታት። «ግን» የሚለውም «ሞተ» የሚለውም እኩል ክብደት ያዙ። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ለምቱ። ግጥሙ ስለ ሟች አባቷ ነበር። ስትወርድ «ወንድሜ፣ ላንብብ ወይስ ልዝፈን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀስ ብለን ሞከርን፤ ባሰ። ዝቅ አድርገን ሞከርን፤ ያው ነው። ድራመራችን በዱላው ፈንታ ብሩሽ ያዘ፣ እሱ ትንሽ ረዳ። ግን የእሱም አመል አለ። ግጥሙ ቤት በመታ ቁጥር ሲምባሉን ይመታል። «ማድመቄ እኮ ነው» ይላል። ቤት የመታው ቃል ራሱ አይሰማም!

የፈታልን ስልክና ቀይ እርሳስ ነው። ያለ ሙዚቃ፣ ብቻዋን ስታነብ ቀዳኋት። ግጥሙን በወረቀት አወጣሁና አየር በሳበችበት ሁሉ ሰረዝ አደረግሁ። ጉድ ነው! መስመሩ መጨረሻ ላይ አትተነፍስም። የምትተነፍሰው መሐል ላይ፣ ከግሱ በፊት ነው። እኛ ደግሞ ዓመት ሙሉ መስመር ባለቀ ቁጥር ክፍተት አገኘን ብለን ስንሞላ ከርመናል።

አሁን ምቱን ወደ አራት አራተኛ አዞርነው። የእሷ ስድስት ከእኛ አራት ጋር እየተላለፈ ይሄዳል፣ ማንም ማንንም አይጎትትም። እኔ አንድ ድምፅ ይዤ እቆማለሁ። የምንቀሳቀሰው ቀይ ሰረዝ ላይ ብቻ ነው።

ሌላ ምክር ስጠን ካላችሁኝ፣ ያዘነ ግጥም ባያችሁ ቁጥር የትዝታን ቅኝት አትክፈቱ። ሰዉ ገና ግጥሙን ሳይሰማ ሆዱ ይባባል፣ ያ ማጭበርበር ነው። የአንቺ ሆዬን ቅኝት ሞክሩ፤ አያስተኛም። ኪቦርዲስታችን በዚህ አይስማማም፣ ትዝታ የሌለበት ምሽት ጨው የሌለበት ወጥ ነው ባይ ነው። እስካሁን እንጨቃጨቃለን። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) አትለማመዱ የሚልም ሐሳብ ነበረኝ፣ ግን ድራመራችን ያለ እሱ ስለሚሮጥ ትቼዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት አራት ግጥም ላይ እንዲህ ታግሼ ቆየሁ። ጣቶቼን በላኝ። አምስተኛው፣ የመጨረሻው ላይ፣ የት እንደሆንኩ ሳላውቅ በቤዜ ከላይኛው ድምፅ ተነስቼ እስከ ታችኛው ወረድኩ። ደስ የምትል ሩጫ ናት፣ ቤት ስለማመዳት የከረምኳት። ያረፈችው ግን «አባዬ» የሚለው ቃል ላይ ነው። አንገቷን ዞር አድርጋ አየችኝና ንባቧን ቀጠለች።

የምሽቱ ቅጂ ስልኬ ላይ አለ። አራተኛው ግጥም ድረስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።