80 ቀን የጠበቅሁት ስም

«የኢንተርኔት ስም እኮ አለቀ» የሚል ወሬ በየጊዜው ብሰማም፣ የራሴን ስም ከነአባቴ በላቲን ፊደል ጽፌ፣ ለድረ ገጽ አድራሻ እንዲሆነኝ ዶት ኮም አስከትዬ ስፈልገው «ተይዟል» የሚል መልስ እስኪመጣብኝ ድረስ ወሬው እኔን ይነካኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የእኔና የአባቴ ስም ተጣምሮ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ በዕድሜዬ ሞክሼ ገጥሞኝ አያውቅም። ታዲያ ከዚህ ሁሉ የዓለም ሕዝብ መካከል ስሜን ቀድሞኝ የወሰደው ማን ነው?

ቁጭቱ ወደ ሒሳብ መራኝ። ከዶት ኮም በፊት የሚገባው ስም ከ26 የላቲን ፊደላት፣ ከ10 አኃዞችና ከሰረዝ የሚሠራ ሲሆን እስከ 63 ሆሄ ሊረዝም ስለሚችል፣ በስሌት ደረጃ ቢመዘገብ ቢመዘገብ የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን ሲምቦሊክስ የተባለው የመጀመሪያው ዶት ኮም እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1985 ከተመዘገበ ወዲህ የተያዙት ስሞች ከ150 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ባለሦስት ፊደሎቹ 17,576 ስሞች ከተወሰዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ባለአራት ፊደሎቹ 456,976ም እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ አንድም ሳይቀር ተጠናቀቁ። ባለአምስት ፊደል ዛሬም ይገኛል፤ ግን ሲጠሩት ምላስ ያስራል። እንግዲህ ያለቀው ስም ሳይሆን ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ሳይሳሳት የሚጽፈው ስም ነው ማለት ነው፤ የእኔን ስም ደግሞ አንድ ጊዜ ሰምቶ በትክክል የጻፈ ሰው እስካሁን አላየሁም።

በዚህ ሙያ የሚተዳደር አንድ ጓደኛ አለኝ። «ዶት ኮምን ተወው፤ ሌላ ቅጥያ ያዝ» አለኝ። ስሞቹን በበላይነት የሚመራው አይካን እ.ኤ.አ. በ2012 አዳዲስ ቅጥያዎችን ሲፈቅድ 1,930 ማመልከቻ እንደቀረበለትና ከ1,200 በላይ ቅጥያዎች እንደተከፈቱ፣ ለቀጣዩ ዙር ደግሞ 2026ን እንደቀጠረ አስረዳኝ። እኔ ግን ዶት ኮም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልሁ። «እንግዲያው በራሳችን ፊደል አስመዝግበው» አለኝ። ይህንንም ሞከርሁ፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ የጻፍሁትን የግእዝ ፊደል በኤክስና በኤን ጀምሮ፣ ሁለት ሰረዝ ደርድሮ፣ የተረሳ የይለፍ ቃል ወደሚመስል የላቲን ፊደል ሲቀይረው ደነገጥሁ። በዚያ ላይ ስሜ በንጉሡ «ሠ» ይሁን በእሳቱ «ሰ» እኔ ራሴ ቁርጥ ያለ አቋም ስላልነበረኝ ነገሩን ተውሁት።

የቀረኝ ባለቤቱን መለመን ነበር። የስም ባለቤቶችን ማንነት ያሳይ የነበረው ሁኢዝ የተባለው መዝገብ፣ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አብዛኛውን ነገር ስለሸፈነ፣ መልእክት ማስተላለፍ የሚቻለው በስም መዝጋቢው ድርጅት ቅጽ በኩል ሆነ። ስድስት ጊዜ ጻፍሁ። የመጀመሪያው «ክቡር የስሙ ባለቤት፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል?» ብሎ የሚጀምር፣ በትሕትና የተሞላ ነበር። በሦስተኛው ዋጋ ጨመርሁ። ስድስተኛው ግን፣ ዛሬ ሳስታውሰው ላብ ያጠምቀኛል፣ «ራስህ አትሠራበት፣ ለሚሠራበት አትለቅ! እንዳንተ ያለውን ሰው የወለደች እናት ምንኛ ታሳዝናለች» ይል ነበር። መልስ የለም።

ስለዚህ የስሙ የምዝገባ ጊዜ እስኪያበቃ ለመጠበቅ ወሰንሁ። ቀኑ ደረሰ፤ አለፈም፤ መዝገቡ ግን አንድ ዓመት ጨምሮ አሳየኝ። ተስፋ ቆርጬ ለጓደኛዬ ስነግረው፣ መዝገቡ ጊዜውን በራሱ የሚያራዝም ቢመስልም ባለቤቱ እስኪከፍል መዝጋቢዎች የሚታገሡት እስከ 45 ቀን መሆኑን፣ ካልከፈለ ደግሞ ከፍ ባለ ክፍያ ስሙን የሚያስመልስበት የ30 ቀን የመዋጃ ጊዜ እንደሚሰጠው፣ በመጨረሻም ስሙ 5 ቀን የስረዛ ተራውን ጠብቆ ለማንም ክፍት እንደሚሆን ነገረኝ። ደምሬው 80 መጣ። ግድግዳዬ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልሁና በየማታው በቀይ እስክሪብቶ አንዳንድ ቀን እሰርዝ ጀመር። ስሙ ወደ መዋጃው ጊዜ በገባ ዕለት ደስታዬ ወሰን አጣ። «ይህን የመሰለ ዝርክርክ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ!» እያልሁ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ከአምስቱ ቀን ሁለተኛው ላይ ለሌላ ጉዳይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አስፈለገኝና ለዓመታት ከፍቼው የማላውቀውን የቀድሞ ኢሜይሌን ለመክፈት ተነሣሁ። የይለፍ ቃሉን ለማስታወስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሳጥኑ ሲከፈት ዓይኔ ያረፈው «ያለውን ሰው የወለደች እናት» በሚል ቁርጥራጭ ላይ ነበር።

ከፈትሁት። ቃል በቃል የእኔ ነው። ለካ ደርሶኛል።

ወደ ታች ወረድሁ። ከስድስቱ መልእክቶቼ ጋር የተደባለቁ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ፤ መዝጋቢዎች ከቀኑ አንድ ወር ያህል ቀደም ብለው፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በመጨረሻም ቀኑ ባለፈ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲልኩ ግዴታ አለባቸው፤ የእኔውም አላጎደለም። ከእነርሱ በታች «እባክዎ አድራሻዎ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ» የሚሉ፣ በየዓመቱ አንዳንድ የተላኩ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። ከሁሉም በታች፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተቆረጠ ደረሰኝ በስሜ ተቀምጧል። በየዓመቱ ማደሱን እረሳለሁ ብዬ ስለሰጋሁ የሚፈቀደውን የመጨረሻ ዘመን፣ 10 ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ጊዜ ከፍዬ ነበር።

ለጓደኛዬ ደወልሁ። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» ስለው ሳቁ ፈነዳ። ትንፋሹን ሰብስቦ እንደነገረኝ፣ ከሁለት ቀን በፊት ብደውልለት ኖሮ ስሙን መልሶ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ወደ ስረዛ ተራ ከገባ ወዲያ ግን ባለቤትም ሆነ መዝጋቢ ሊያስቆመው አይችልም። በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝሁ የተደሰትሁባቸው 30 ቀናት የራሴን ስም የምዋጅባቸው ነበሩ።

በመጨረሻው ቀን ስሙን ጽፌ፣ ጣቴን አዘጋጅቼ ኮምፒውተሬ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ጓደኛዬ የሚሰረዙ ስሞችን አድፍጠው የሚጠብቁ ማሽኖች ጥያቄያቸውን በሰከንድ ሽራፊ እንደሚያዥጎደጉዱ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እኔ ግን ለዚህ ስም ከእኔ ሌላ ማን ይጓጓለታል ብዬ ነበር። «ክፍት ነው» የሚለውን ቃል በዓይነ ሥጋ እንኳ ሳላየው እንደገና «ተይዟል» ሆነ። ወዲያው «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል ገጽ ተተከለበት። ብጽፍላቸው በደቂቃዎች ውስጥ መለሱልኝ፤ ከእኔ ይልቅ ጨዋ ባለቤቶች ናቸው። የጠየቁት ግን እኔ ለራሴ ካቀረብሁት የመጨረሻ ዋጋ አሥር እጥፍ ነበር።

በመጨረሻ በስሜና በአባቴ ስም መካከል ሰረዝ አግብቼ ሌላ ስም ያዝሁ። ሰረዝ በመጀመሪያም ሆነ በመጨረሻ መግባት አይፈቀድለትምና መሐል ላይ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ተቀምጧል። አሁንም ለ10 ዓመት ከፈልሁና ለጓደኛዬ ላበሥረው ደወልሁለት።

«ማስጠንቀቂያው በየትኛው ኢሜይል ነው የሚመጣልህ?» አለኝ በጥርጣሬ።

«ከስሕተቴ ተምሬአለሁ! አሮጌውን ጥዬ በዚሁ በአዲሱ ስም አዲስ ኢሜይል ከፍቻለሁ፤ የሰጠኋቸው እርሱን ነው» አልሁት በኩራት።

እንደ ባለፈው ዝም አለ። ስሙ ጊዜው ሲያልፍ ኢሜይሉም አብሮት እንደሚዘጋ ያስረዳኝ ሳቁን ከጨረሰ በኋላ ነው።